የእማማ ዘሊካ ይግባኝ

አህመዲን በመካነ ሰላም ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ክፉ አመል አለበት። ሌሎቹ ጸሐፊዎች የተነገራቸውን ቶሎ ጽፈው ሲሸኙ፣ እሱ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ "ቆይ፣ ለምን?" ይላል። ደንበኛ ቢሸሸው አይገርምም፤ እኔም አንድ ቀን ተናድጄ ጥዬው ሄጃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ ዘሊካ ከገጠር መጡ። ልጃቸውን በጠብ የገደለው ጎረቤታቸው አሥራ አምስት ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ ይግባኝ ብሎ ወደ ዘጠኝ ተቀነሰለት።

"እኔም ይግባኝ እላለሁ፤ ጻፍልኝ" አሉት።

"በወንጀል ይግባኝ የሚለው የተፈረደበት ሰው ነው፣ ወይም ዐቃቤ ሕግ። እናት አትችልም።"

"የሞተው የዐቃቤ ሕግ ልጅ ነው?"

አህመዲን ቅጣቱ ለምን እንደተቀነሰ ማወቅ አማረውና ይዘውት የመጡትን የውሳኔ ወረቀት ገለጠ። የሟች እናት በሽማግሌ ስለታረቁ ይላል።

"ታርቀዋል እንዴ፣ እማማ?"

"አዎን፣ ዱዓ ተደርጎ ለአላህ ብዬ ይቅር አልኩ። በአውራ ጣቴም አስፈረሙኝ።"

"ታዲያ አሁን ይቅርታውን ሊያነሱ ነው?"

"አላህ የሰማውን? ወላሂ አላነሳም!" ብለው ተቆጡ።

"እና ምን ብዬ ልጻፍ?"

"እኔ ይቅር ያልኩት የእኔን ነው፤ የእናንተን ማን ይቅር በሉ አላችሁ ብለህ ለዳኞቹ ጻፍ።"

አህመዲን ብዕሩን ከጆሮው አወረደ። የሚቀበለው ችሎት እንደሌለ እያወቀ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "ለምን?" ሳይል ጻፈ።