ሶኬቱ ከየት ይለካል

የመጀመሪያ ቀን ጋሼ ደምሴ ወንበር ሰጡኝና «እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትተይቢያለሽ፤ ያልገባሽን ግን አትተይቢ» አሉኝ። ጋሼ ደምሴ በወረታ ከተማ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ክስና ውል የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። እኔ ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት እተይባለሁ። አሁን ሁለተኛ ዓመቴን ስለያዝኩ ከኋላዬ ለሚመጡ ጸሐፊዎች ልምዴን ባካፍል ድፍረት አይሆንም።

ውል የሚጀምረው በትርጓሜ ነው። «አከራይ» ማለት እገሌ፣ «ቤት» ማለት ይህ ቤት እየተባለ ይሄዳል። ባለጉዳይ ሁሉ «እሱን ዝለሉትና ዋናውን ጻፉ» ይላል። ጋሼ ደምሴ አይዘሉም።

አንድ ቀን እትዬ ሙሉና አቶ ፈንታ መጡ። እትዬ ሙሉ ከአቶ ፈንታ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ተከራይተው ይሠራሉ፤ የመጡት ውሉን ሊያድሱ ነው። በክረምቱ የጎርፍ ውሃ ከሜዳው ተነሥቶ ቤቱ ሲገባ ሶኬቱን አጥለቀለቀው፣ እትዬ ሙሉንም ኤሌክትሪክ ያዛቸው። ቀኝ እጃቸው ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ አይጨብጥም።

«የድሮው ውል የሚለው አስተማማኝ መስመር ነው፤ መስመሬ አስተማማኝ ነው» አሉ አቶ ፈንታ።

«እውነት ነው፣ ሲይዝ አይለቅም» አሉ እትዬ ሙሉ።

ጋሼ ደምሴ አስተየቡኝ፦ «አስተማማኝ መስመር» ማለት በመንግሥት ደንብ መሠረት የተዘረጋ፣ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ያለው፣ ሶኬቱና ቆጣሪው ውሃው ግድግዳው ላይ ከተወው ምልክት በላይ የተሰቀለ መስመር ነው። ይህን ያላሟላ አከራይ በራሱ ወጪ ያስተካክላል።

አቶ ፈንታ አልተከራከሩም። «መልካም፤ ነገ ቤቱን አይታችሁ እንፈርማለን» አሉ።

በነጋታው ሄድን። ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቶ ገና አልደረቀም። ሶኬቱ እዚያው ከጉልበቴ በታች ነው።

«ምልክቱስ?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«የምን ምልክት? ለበዓል ብዬ አስቀባሁት እንጂ።»

«የትኛው በዓል?» አሉ እትዬ ሙሉ።

እኔ የብረት በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ከታች እስከ እትዬ ሙሉ ወገብ ድረስ ዝጎ፣ ከዚያ በላይ ንጹሕ ነው። ሜትሩን ከደፉ ሲሚንቶ ጀምሬ ዝገቱ እስካለቀበት ዘረጋሁና ለካሁ።

«አንቺ ልጅ፣ በሩንም እኮ ነገ ላስቀባው ነው» አሉ አቶ ፈንታ።

«ያስቀቡት፣ አቶ ፈንታ፤ ቁጥሩን ጽፌዋለሁ።»

ጋሼ ደምሴ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። «ምልክት» የሚለውን ሰርዘን ከደፉ የሚለካውን ቁጥር አስገባን። «ከበሩ ደፍ ተነሥቶ» የምትለዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። አቶ ፈንታ ፈረሙ፣ ሠራተኛ አምጥተውም ሶኬቱንና ቆጣሪውን ወደ ላይ አሰቀሉ፣ ሽቦውንም ወደ መሬት አስወረዱ።

ዘንድሮ ውሃው ገባ። ሶኬቱ ጋ አልደረሰም። እትዬ ሙሉ ውሃው ውስጥ እየተራመዱ ገብተው ጆንያዎቻቸውን በግራ እጃቸው እየጎተቱ አወጡ።

ትርጓሜ ስትጽፉ ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ ጻፉ። መነሻውም ቀለም የማይሸፍነው ይሁን።