ከእሳት የወረደ ቡና

የጎረቤታችሁ የሚቆላ ቡና በግድግዳ አልፎ ሲሸታችሁ፣ ሳታዩት "አሁን ይውጣ!" ብላችሁ ልትጮኹ ዳድቷችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ቅዳሜ ገጥሞኛል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም፣ ከአጠገቤ ካለው ቤት የሚቆላ ቡና ሽታ መጣ። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ቆይቶ መረረ። ተነስቼ እስከ በራቸው ሄድኩ። ላንኳኳ እጄን ካነሳሁ በኋላ ግን፣ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር ስማቸውን እንኳ እንደማላውቅ ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

ከሰዓቱን ሙሉ ያሰብኩት እትዬ ዘነበችን ነው። ሳንሱሲ ሰፈር ስናድግ በቆርቆሮ አጥር ብቻ የምንለይ ጎረቤታችን ነበሩ። የመጡት ቡና በየጓሮው ከሚበቅልበት፣ ከደቡብ ምዕራብ አገር ነው። ከእናቴ ጋር ቡና በተራ ያፈሉ ነበር፤ አንድ ቀን እኛ ቤት፣ አንድ ቀን እሳቸው ቤት። እኔ አስራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ግን ተኳረፉ። የእትዬ ዘነበች ዶሮዎች በአጥሩ ሾልከው የእናቴን ጎመን ጨረሱት። ቃል ቃልን ወለደና ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ማንንም "ቡና ጠጡ" ሳይል ቀረ። በሰፈራችን ቡና አፍልቶ ጎረቤት አለመጥራት ከስድብ ይከፋል። እናቴ ለብቻዋ ታፈላና አንድ ሲኒ ጠጥታ የቀረውን ትደፋዋለች። ያን ማየት አልቻልኩም።

አንድ የነሐሴ ቀን እናቴ ለቅሶ ልትደርስ አስኮ ሄደች። ቡናውን ራሴ ቆልቼ፣ ልክ ስትመለስ እትዬ ዘነበችን ልጠራ ቆረጥኩ። ከተጠሩ እምቢ አይሉም ብዬ ነው። እናቴ ምጣዱን አስነክታኝ ባታውቅም፣ እሷ ስትቆላ ሰዓት እያየሁ ደብተሬ ላይ መዝግቤ ነበር፤ ውሃው እስኪደርቅ ስንት ደቂቃ፣ ቢጫ እስኪሆን ስንት፣ እስኪንጣጣ ስንት። ያኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ጥሬውን ቡና ለቀምኩ፤ በሦስት ውሃ አጠብኩ፤ ከሰል ላይ በጣድኩት ብረት ምጣድ አፈሰስኩት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ተለወጠ፤ ተንጣጣ፤ ወዙን አወጣ። ደቂቃው ሲሞላ ምጣዱን አውርጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ሰዓቱን ልመዘግብ ወደ ደብተሬ ሄድኩ።

"ኧረ ቡናው! ማነሽ፣ ማርታ ነሽ?" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

"አቤት፣ እትዬ!"

"እያረረ ነው እኮ፣ አውጪው!"

"አውርጄዋለሁ!"

"ከእሳቱ ብታወርጂው ምን ዋጋ አለው? ከብረቱ አውጪው እንጂ!"

ነገሩ ሳይገባኝ የግቢያችን በር ተንቋቋ። እትዬ ዘነበች ሻሻቸውን በግማሽ አስረው፣ ጭቃውን በነጠላ ጫማ እየረገጡ ገቡ። ምጣዱን አንስተው ቡናውን ሰፌድ ላይ ገለበጡትና እያርገበገቡ ያቀዘቅዙት ጀመር።

"ብረት ቂመኛ ነው፣ ልጄ። ከእሳት ቢወርድም ሙቀቱን አይለቅም" አሉኝ። ከዚያ ደብተሬን አዩት። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ቡና በደብተር ይቆላል እንዴ? ወይ የኛ አስተማሪ!"

የከሰለውን እየለቀምን አወጣን። የተረፈውን እኔ ወቀጥኩ፤ እሳቸው ጀበናውን ጣዱ። ገንፈል ሲል አውርደን አተላው እስኪሰክን ስንጠብቅ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ጃንጥላዋን እንደያዘች እትዬ ዘነበችን አየች።

"ይሄን ቡና ማነው እንዲህ ያሳረረው?"

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ዘነበች ቀና ሳይሉ። "እድሜ ነው መቼም፤ አፍንጫዬ ደከመ።"

እትዬ ዘነበች ቡና አሳርረው እንደማያውቁ እናቴ ታውቃለች። ዓይኗ ወደ ምጣዱ፣ ወደ ደብተሩ፣ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ጃንጥላዋን ዘግታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ሲኒ ስትቀምስ ፊቷ ጭምድድ አለ።

"ሁለተኛው ይሻል ይሆናል፣ ዘኑ" አለች። ዘኑ ብላ ከጠራቻቸው ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር።

"ይሻላል። ጎመንሽን ግን እጠሪ።"

"አንቺም ዶሮዎችሽን እሰሪያ!"

ሁለቱም ሳቁ። ያን መራራ ቡና እስከ ሦስተኛው ጠጡት።

ዛሬ ጠዋት እኔም ቆላሁ። ወዙን እንዳወጣ ሰፌድ ላይ ገለበጥኩት፤ ወቀጥኩ፤ አፈላሁ፤ ከዚያ ሄጄ አንኳኳሁ። ልጅ ያዘለች ሴት ከፈተች።

"ማርታ እባላለሁ፤ ቡና ፈልቷልና ኑ" አልኳት።

"ውይ! ያለፈው ቅዳሜ ያረረው ሸቶሽ ነው አይደል?" አለች እየሳቀች።

"ጥፋቱ የኔ ነው። እያረረ ነው ልላችሁ እስከ በራችሁ መጥቼ ተመልሻለሁ።"

እስቲ እናንተም ሞክሩት። እፍኝ ጥሬ ቡና ለቅማችሁ እጠቡ፣ ቁሉ፤ ከእሳት ሲወርድ ብረቱ ላይ አትተዉት። ስታፈሉ ደግሞ፣ አተላው እስኪሰክን ባለችው ጊዜ፣ ሄዳችሁ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።