አራተኛው ጥሪ

የችሎቱ ጠሪ በር ላይ ቆሞ ባለጉዳዮችን ሦስት ጊዜ ይጠራል። ሦስቴ ተጠርቶ ያልገባ ሰው መዝገቡ ይዘጋል።

አንድ ጊዜ ቤታቸውን ሊያስመልሱ የከሰሱ ባልቴት፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እያሉ አቤት ሳይሉ ቀሩ። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ወደ ጠሪው ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ ጠበቃዬ ‘እኔ ሳልመጣ እንዳይገቡ’ ብሎኛል። ምነው ዘገየ?” አሉት። ጠበቃ ያሉት ሰው ፈቃድ የሌለው አስመሳይ ነበር። ባልቴቷም ቤታቸውን እንዳጡ ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ ጠሪው በእንቅልፉ ይጣራል። ሚስቱ፣ “መኝታ ቤቱንም ችሎት አደረግኸው እኮ!” እያለች ትስቅበት ነበር። የሚጠራው ሁልጊዜ የእኚያን ባልቴት ስም መሆኑን ስታስተውል ግን መሳቋን ተወች።

አሁን ሕጉ ተሻሽሏል፤ መክፈል ላልቻለ ሰው ፍርድ ቤቱ በነፃ ጠበቃ ያቆማል። ዛሬ ጠዋት ጠሪው የልጇን ቀለብ የጠየቀች እናት ሦስቴ ጠርቶ መልስ አጣ። ዳኛዋ መዝገቡን ሊዘጉ ብዕራቸውን ሲያነሱ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ።

“ጠበቃ የሚጠብቅ ሰው አለ?”

ጥግ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ብድግ አለች። “እኔ የምከፍለው ስለሌለኝ ፈርቼ ነው። ተዘጋብኝ እንዴ?”

“ገና ነው፣ እህቴ” አላት። “ጠበቃ ይቆምልሻል። ገና ነው፣ ቶሎ ግቢ።”