አያቴ የመረጉት ግድግዳ

አያቴ ደብረ ታቦር የሠሩት ቤት ምሰሶው ጥድ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። መስኮቱን ለከሰዓት ፀሐይ ሰጥተው፣ ከጉና ተራራ ብርዱ በሚወርድበት በኩል አንዲት ቀዳዳ አልተዉም። ክረምት በወጣ ቁጥር ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ «ብርድ ሌባ ነው፤ ስንጥቅ አይንቅም» እያሉ ይመርጉት ነበር።

ዘንድሮ እሳቸው የሉም። ከቀብራቸው ወዲህ ተዘግቶ የከረመውን ቤት ልንመርገው ከአክስቴ ጋር ከፈትነው። በጉና በኩል ያለው ስንጥቅ ተመርጓል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ የጣት ፈለግ ይታይበታል።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ አክስቴ።

«ቁልፉ እርስዎ ዘንድ አይደል፣ እትዬ?»

መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ቶሎም አላነሱትም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባባ፣ ይብቃዎት፤ ከእንግዲህ እኛ እንመርገዋለን» አሉ።

ጭቃውን ማቡካት ጀመርኩ።