ገብስ የማይገባበት ቤት

ዛሬ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ የአማርኛ መምህራችን ለብቻዬ ጠርታኝ፣ በሚቀጥለው የግድግዳ መጽሔት ላይ ሙሉውን የመጀመሪያ ረድፍ ለእኔ እንደሰጠችኝ ነገረችኝ። “የፈለግሽውን ጻፊ፤ አሁን ትችያለሽ” አለችኝ። ከመምህራን ክፍል እስከ ክፍላችን ድረስ እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ። ጓደኞቼ ብቻዬን ስስቅ አይተው አሾፉብኝ፤ ይሹፉ። ቀኑን ሙሉ ምን እንደምጽፍ ሳስብ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ መጽሔቱ የሚለጠፍበትን ጆንያ ከዕቃ ቤት እንዳመጣ ተላክሁ። ጆንያው ዝናብ ገብቶበት ርሷል። ስከፍተው እርጥብ ገብስ ሸተተኝ፤ ጣፋጭ፣ ሞቅ ያለ፣ ትንሽም አፈር አፈር የሚል ሽታ። ጆንያውን ታቅፌ እዚያው በሩ ላይ ቆምኩ። የምጽፈው ተገኘ። ስም ግን አልጠራም፤ ማታ ቤት ገብቼ ሳስፈቅደው አባቴ የጠየቀኝ ይህችኑ ብቻ ነው።

ልጅ እያለሁ ወልቂጤ ቤታችን ውስጥ ገብስ አይገባም ነበር። በሶ የለ፣ የገብስ ቆሎ የለ፣ የገብስ ገንፎ የለ። እኔ የሃይማኖታችን ሕግ ይመስለኝ ነበር። ጌታን የተቀበለ ሰው ጠላ አይጠጣም፤ ጠላ የሚጠመቀው በገብስ ብቅል ነው፤ ስለዚህ ገብስ ኃጢአት ነው። በልጅ ጭንቅላቴ ሒሳቡ ልክ ነበር። አንድ ቀን አብራኝ የምትዘምር ጓደኛዬ ቤት ሄጄ እናቷ በሶ በጥብጠው ቢያቀርቡልኝ፣ “እናንተ ጌታን አልተቀበላችሁም እንዴ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ሴትዮዋ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ጌታ በሶ ከልክሎ እንደማያውቅ ነገሩኝና አያቴን እንድጠይቅ መከሩኝ።

አያቴ የአባቴ እናት ናት፤ አብራን ትኖር ነበር። ስጠይቃት ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ብቻ ፈጠነ።

በዚያው ሰሞን ሠፈራችን ውስጥ ለቅሶ ነበርና አያቴን ተከትዬ ሄድኩ። ከቡታጅራ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት እጄን ለሰላምታ ጨብጠው አልለቀቁኝም። መዳፌን ገልብጠው በሁለት እጃቸው ያዙት። “ይሄ ሙቀት” አሉ፣ “ይሄ የብቅል እጅ ነው። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?” አያቴ እጄን መንጭቃ ወሰደችው። ቤት ስንደርስ እጄን በሳሙና አሳጥባ፣ መልሳ አሳጠበችኝ። ያኔ ነው ፍርሃት የገባኝ። ሰው ያልቆሸሸ እጅ እንደዚያ አያሳጥብም።

አባቴ ከቤታችን ፊት ለፊት የብረት በርና አልጋ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበረው። የሆነውን ነገርኩትና “የብቅል እጅ” ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። ብየዳውን አቁሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ቡታጅራ ሄዶ የሚገጥመው በር እንዳለ፣ ይዞኝ እንደሚሄድ፣ እዚያ የአያቴ ታናሽ እህት እንዳሉ ነገረኝ። አያቴ እህት እንዳላት የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። “ለአያትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ” አለኝ።

የሄድነው በክረምት ነው። እምድብርን ስናልፍ ጉሙ ወርዶ የእንሰቱን ማሳ ውጦታል፤ ከመኪናው መስኮት የሚታየው የሚንጠባጠብ ትልልቅ ቅጠል ብቻ ነበር። አባቴ ጉልበቴ ላይ እጁን አሳርፎ ከፊት ከፊቱ ያይ ነበር።

የአያቴን እህት እማማ ብዬ ነው የምጠራቸው። ግቢያቸው ገና ሳንገባ ሸተተን፤ ያ የዛሬው የጆንያ ሽታ፣ ግን መቶ ጆንያ አንድ ላይ የተከፈተ ያህል። እማማ አባቴን አቅፈው አለቀሱ፤ እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተቀያየረ። “ቁርጥ እህቴን” አሉና ዘወር አሉ።

በነጋታው አባቴ በሩን ሊገጥም ሲሄድ እኔ ከእማማ ጋር ቀረሁ። ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ተለጥፎ የተሠራ መስኮት የሌለው ክፍል ነበር። ግድግዳው ስንጥቅ እንኳ እንዳይኖረው በጭቃ ተመርጓል፤ ንፋስ ከገባ ብቅሉ ይሞታል ይሉ ነበር እማማ። ደግሞ ሌላ ደንብ አላቸው፤ ብቅል ሲበቅል የባዕድ ዓይን አያየውም። በየቀኑ እሳት ልትጭር የምትመጣ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረቻቸው፤ እሷ እንኳ ስንት ዓመት ስትመላለስ የዚያን ክፍል ደፍ ረግጣ አታውቅም።

“ዛሬም እሳት ልትሰርቂ መጣሽ?” አሏት እማማ ያን ቀን ጠዋት።

“የጠላሽን ሽታ ችዬ እየኖርኩ አንዲት ፍም ትበዛብኛለች?” አለች ጎረቤቷ ገሏን እየዘረጋች። ገሏ የተሰበረ የእንስራ ስባሪ ናት፤ ፍሙን የምትወስደው በእሷ ነው። “ይቺ ደግሞ የማን ናት? እጇን ደብቂላት፣ ገና ሳታድግ ሥራ ታስጀምሪያታለሽ።”

ሳቁ። እማማ ግን ሳቃቸው ቶሎ ሞተ።

ጎረቤቷ ስትሄድ ዘራችንን ነገሩኝ። የእሳቸው አያት ከጥያ በላይ ካለ መንደር ብቅል በአህያ ጭነው ቡታጅራ ገበያ የወረዱ ሴት ናቸው። እናታቸው ሥራውን ወርሰው አሰፉት፤ በአካባቢው ድግስ የደገሰ ሁሉ ብቅሉን የሚወስደው ከእሳቸው ነበር። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ተጠልሎ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ድንጋይ ይጫንበታል፤ በጨለማ ውስጥ ሲበቅል በራሱ ይሞቃል። ሙቀቱ ደረሰ አልደረሰ የሚታወቀው በእጅ ነው። የቤተሰባችን ሴቶች እጅ ደግሞ ሲፈጥረው ሙቅ ነው ይባል ነበር።

“ከእኛ በታች ሁለት ነበሩ” አሉ እማማ፣ “ወንድና ሴት።”

አንድ ክረምት ፀሐይ ጠፋ። ብቅሉ የሚሰጣበት ቦታ ጠፍቶ፣ እናታቸው በዚያው ክፍል የቀርከሃ ቆጥ ላይ አንጥፈው ከሥሩ ከሰል አቀጣጥለው ያደርቁት ጀመር። ሁለቱ ሕፃናት ብርድ ሲጠናባቸው እዚያ ገብተው ተኙ። እናት ከገበያ ሲመለሱ አልነቁም። ቁስል የለ፣ ትውከት የለ፤ ጉንጫቸው እንደ ቀላ ነበር። አገሩ ሁሉ አንድ ነገር አለ፤ ብቅሉ በላቸው። ቀባሪው ጥቂት ነበር፤ ለቅሶም የተቀመጠ የለም፤ እርግማን የገባበት ቤት ማን ይገባል? እናታቸው ራሳቸው ብቅሉ ነው ብለው እያመኑ፣ ሌላ መተዳደሪያ ስለሌላቸው እያበቀሉ ኖረው ሞቱ። አያቴ ያኔ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ነበረች። ክፍሉ እንዲዘጋ ለመነች። እናት ሲሞቱ ታናሽ እህቷ ሥራውን ስትይዝ፣ “ያንን ክፍል ካልዘጋሽ እህቴ አይደለሽም” ብላት ወልቂጤ ሄደች። ዳግም አልተያዩም።

“ብዘጋው ምን እበላለሁ?” አሉኝ እማማ፣ መልስ የምሰጣቸው ይመስል።

ከዚያ ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። ጨለማው ውስጥ በአንድ በኩል የተጠቀለለው ኮባ ድንጋይ ተጭኖት እንደ ተኛ ሰው ይታያል፤ በሌላ በኩል ከቆጡ ሥር የከሰሉ ምድጃ ቀልቷል። እጄን ከቅጠሉ ሥር እንድከት አዘዙኝ። የታመመ ልጅ ግንባር ይመስል ነበር፤ እርጥብ፣ ሙቅ፣ የሚተነፍስ። እማማ ፊቴን አይተው፣ “ታውቆሻል” አሉ። ወዲያው ይዘውኝ ወጡ፤ ያለ እሳቸው ወደዚያ እንዳልገባ አስጠነቀቁኝ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ ጠርታቸው ሄዱ። ዝናቡ የመጣው እንደሄዱ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ቀኑ ሌሊት መሰለ፤ ከቆርቆሮው ጩኸት በስተቀር የሚሰማ አልነበረም። በረደኝ። ሹራቤ ስስ ነበር። ሙቀት ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው።

በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ከሰሉ አይጨስም፤ ቀይ ብቻ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩና እጄን ከቅጠሉ ሥር ከተትኩ። ሙቀቱ በክንዴ አድርጎ ወደ ደረቴ የወጣ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ የቆርቆሮው ጩኸት ራቀ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ግን አላስፈራኝም። ስለሁለቱ ልጆች አሰብኩ፤ እዚህ ጋ ይሆን የተኙት ብዬ። ልነሣ ፈለግሁ፣ ደግሞ ቆይ ትንሽ አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለም።

ጎረቤቷ በዝናብ እሳቷ ጠፍቶባት ገሏን ይዛ መጥታ ነበር። ዋናው ቤት ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ብትጣራ የሚመልስ የለም። በክረምት እሳት የማይጠፋው የት እንደሆነ ታውቃለች። ስንት ዓመት ያላለፈችውን ደፍ የዚያን ቀን አለፈችው። እኔን ያነቃኝ ፊቴ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። በክንዴ ጎትታ ጭቃው ላይ አውጥታኛለች፤ “ያ አላህ፣ ልጅቷን፣ ልጅቷን” እያለች ጉንጬን ትመታ ነበር። ራሴ ለሁለት የተፈለጠ መሰለኝ፤ አንጀቴ እስኪገለበጥ አስታወከኝ።

ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ አባቴና እማማ ተጠርተው ከመጡ በኋላ ነው። ወጣቱ ነርስ በሩ ዝግ እንደነበር፣ መስኮት እንደሌለው፣ ከሰል እንደነበረ አንድ በአንድ ጠየቀ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ እንደማያገኙኝ ለአባቴ ነገረው።

“ብቅሉ ነው?” አሉት እማማ።

“ብቅል ምን ያደርጋል፣ እማማ? ከሰሉ ነው። የታፈነ የከሰል አየር ነው።”

እማማ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ “እናቴ ሳታውቅ ሞተች” አሉ። በነጋታው አባቴ የዚያን ክፍል ግድግዳ በዲጅኖ አፍርሶ የብረት መስኮት ገጠመበት። ጎረቤቷ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ “እንግዲህ ሽታው በሙሉ ወደ እኔ ነው” አለች።

ወልቂጤ ስንመለስ አያቴ አቀፈችኝና በዚያው ደርቃ ቀረች። ሹራቤን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። “የት ነው የዋልሽው?” አለችኝ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ክፍሉን፣ ከሰሉን፣ ነርሱ ያለውን። እያለቀሰች የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

“ያማል?”

መጀመሪያ ራስሽን ያምሻል ወይ ማለቷ መሰለኝ። ከዚያ ስለ ማን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። በዚያ ክፍል ተኝቶ ተመልሶ የመጣ፣ ሊነግራት የሚችል ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

“አያምም፣ አያቴ” አልኳት። “ያመመኝ ከነቃሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሙቀት ነው። ከዚያ እንቅልፍ።”

እጄን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። እስከ ማታ አልለቀቀችኝም።

በሳምንቱ ቡታጅራ ደውይልኝ አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ሁለቱ እህትማማቾች መጀመሪያ ሲተነፍሱ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ አያቴ፣ “ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?” አለች። ስለ ገብስ አወሩ፣ ስለ ዝናብ አወሩ፣ በመጨረሻ የሁለቱን ልጆች ስም እየተቀባበሉ ጠሩ። አያቴ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ብቅሉ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንደምትመጣ ቃል ገባች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ገብስ ገባ፤ በሶውን ያስበጠበጠችው ራሷ ናት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ታመመች፤ መስከረምን አላለፈችም። ለቀብሯ እማማ በጉሙ ውስጥ ተራራውን ተሻግረው መጡ። እህታቸውን ያገኙት እንደዚያ ነው።

ያ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። እማማ እስካሁን ያበቅላሉ፤ በጥቅምት ግቢያቸው ሙሉ ወርቅ ይነጠፍበታል። ባለፈው ስንደዋወል ጉልበታቸው እንደ ከዳቸው፣ ወፍ የሚያባርርላቸው ሰው እንደሌለ ነገሩኝና፣ “ጥቅምት እህቴ ሳትመጣ የቀረችበት ወር ነው፤ ጓደኞችሽን ይዘሽልኝ ነይ” አሉኝ። እነሆ ጥሪውን ለእናንተ አድርሻለሁ። ይህን ጽሑፍ ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ ተጠርታችኋል። ጠላ መጠጣት ግዴታ አይደለም፤ እኔም አልጠጣም። ሰሌን ላይ ተቀምጦ ወፍ እሽ ማለት ለሁሉም ሃይማኖት ይሆናል። እማማ ሰው ሲሞላላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ስለሁለቱ ልጆችም ጠይቋቸው፣ አሁን ያወራሉ። ግን ለከርሞ አትበሉኝ። አርጅተዋል፤ በዘንድሮው ጥቅምት እንሂድ።