የአቶ ደግነት ፓርቲ እና አንዲቷ መደብ

አቶ ደግነት ገበሬን ከልባቸው ይወዱ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ተማሪ ሳሉ «መሬት ለአራሹ» እያሉ በዝናብ ጮኸዋል። አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ገብተው፣ መሐንዲስ ሆነው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ያ ፍቅር አልቀዘቀዘም። ብቻ ሞፈር ጨብጠው አያውቁም።

እናም ከመንግሥትም ከተቃዋሚም ያልወገነ፣ ሦስተኛ የገበሬ ፓርቲ ኦክላንድ ላይ መሠረቱ። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮፌሰሩ፣ ሐኪሙ፣ ታክሲ ነጂው፣ ሁሉም መጣ። የቀረው ገበሬው ብቻ ነው፤ እሱ ሩቅ፣ አገር ቤት ነው። ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያው ባሉት ከተሞች፣ አልባኒና ካምቤል ላይ ቅርንጫፍ ተከፈተ።

«አፈር ያልነካ የገበሬ ፓርቲ ያሳፍራል» ብለው አቶ ደግነት ሳን ሆዜ ካለው የጋራ አትክልት ቦታ አንዲት መደብ በስማቸው ወሰዱ። የመኝታ ቤት ምንጣፍ ታክላለች። የበሩን ቁልፍ በኪሳቸው ይዘው ሲሄዱ ግን ግዛት እንዳለው ሰው ደረታቸው ይነፋ ነበር።

በምርቃቱ ቀን አመራሩ በሙሉ ከነከረባቱ መደቧን ከቦ ቆመ። አቶ ደግነት አዲሱን ዶማ ለምክትላቸው ለአቶ ታደሰ ዘረጉላቸው።

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ይጀምሩት።»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ሊቀ መንበሩ እያሉ?»

«በዕድሜ ይበልጡኛል፣ በሞቴ!»

«በሥልጣን ይበልጡኛል፣ አፈር ስሆን!»

«አፈሩስ ሞልቷል፤ ቆፍሩት እንጂ!» አሉ የአቶ ደግነት ባለቤት ወይዘሮ መሠረት ከኋላ።

ዶማው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ፣ መሬት ሳይነካ አጥሩን ተደገፈ። ሰውም ወደ ምሳው ሄደ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ምን ይዘራ የሚል ክርክር ተነሣ። አቶ ታደሰ ጤፍ አሉ፤ አቶ ደግነት ገብስ አሉ። ጤፎች ወደ አልባኒ፣ ገብሶች ወደ ካምቤል ተገነጠሉ። ገብሶች ጤፎችን «ከተሜ»፣ ጤፎች ገብሶችን «ባላባት» እያሉ በመግለጫ ተሰዳደቡ። ከዚያ አንዱ ልጅ ሊድር ቀረ፣ አንዱን ጉልበቱ አስቀረው፣ ሌላው ዝም ብሎ ስልክ ማንሣት ተወ። በመጨረሻው የካምቤል ስብሰባ የተገኙት አቶ ደግነትና ወይዘሮ መሠረት ነበሩ፤ ወይዘሮ መሠረትም የመጡት መኪናውን የሚነዱት እሳቸው ስለሆኑ ነው።

አንድ ጠዋት የአትክልት ቦታው ኃላፊ ሲና ደወለች።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ ኢንስፔክት ስናደርግ ሳሩ ወገብ ደርሷል። እስከ ቅዳሜ ካልተቆፈረ መደቧን ይለቃሉ። ሩሉ፣ የማያርስ ይለቃል፣ ለሚያርስ ይሰጣል ነው።»

«ይኼ መሬት ነጠቃ ነው! ማነው እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣው?»

«እኔ እንጃ። ፌር ነው ግን አይደል?»

አቶ ደግነት በተማሪነታቸው የፖሊስ ዱላ የቀመሱት ለዚሁ ሕግ ነበር።

መደቧ ከሄደች ፓርቲው ስም ብቻ ነው። ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው አልባኒ ደወሉ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ጤፍም ይሁን። ይምጡና አብረን እንቆፍር።»

«መጀመሪያ ገብስን በመግለጫ ያውግዙ!»

አላወገዙም። ቅዳሜም አለፈ። ቁልፉን ሊያስረክቡ ሲሄዱ መደቧ ውስጥ አንዲት ሴት ተንበርክካ ሳር ትነቅላለች። ቀና ስትል ወይዘሮ መሠረት ናቸው።

«አንቺ!»

«ከከረባቱ ቀን ጀምሮ ለመደብ ወረፋ ይዤ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስብሰባ ትጠሩበታላችኋ!»

«ምን ልትዘሪ ነው?»

«ጎመን።»

በጎመን ላይ አቋም ሊወስዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ባለቤታቸው ዶማውን አቀበሏቸው።

«ጭሰኛ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሲሶውን ትወስዳለህ። በል ጀምር።»

አቶ ደግነት ዶማውን ይዘው ቀኝና ግራ ተመለከቱ። ይቅደሙ የሚሉት ሰው አልነበረም። ከረባታቸውን ላላ አድርገው ቆፈሩ።