የአዛለችን ግዝት ለማስፈታት

ከዳባት የተነሣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የምሄደው ግዝት ለማስፈታት ነበር፤ ያውም እኔው ለምኜ ያስገዘትሁትን።

አዛለች የሳምባ ነቀርሳ በሽተኛዬ ናት። እኛ ክሊኒክ ክኒን ጀምሮ የሚጨርስ ብርቅ ነው፤ ትንሽ ሻል ሲላቸው ይተዉታል። ስለዚህ ብልጥ ነኝ ብዬ የነፍስ አባቷን አባ ወልዴን ለመንኋቸው። እሳቸውም አንድ ቀን እንዳታጎድል ገዘቷት። ትናንት እህቷ ለገበያ መጥታ፣ "ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ የወፍ በሽታ ሳይሆን አይቀርም" አለችኝ። ደነገጥሁ። ክኒኑን ታቁም ብላት፣ "የአባን ግዝት ማን ይደፍራል?" ብላ ሄደች።

ሦስት ሰዓት፣ ደባርቅ

የርዳታ ስንዴ በጫነ መኪና መጣሁ። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴን ሲያገላብጡ ብዙ አቆሙኝ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የገብስ ማሳ ድርቁ እንደተወው ባዶውን ነው።

አባ ወልዴን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘኋቸው።

"አባ፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ። መድኃኒቱ እየጎዳት ነው።"

"ምነው ልጄ? ያድናታል ብለህ አልነበር ያስገዘትኸኝ?"

"ሰው ገንቢ ምግብ ሲያጣ ጉበቱ ይዳከማል፤ መድኃኒቱን የሚያፈርስበት አቅምም ያንሰዋል። ያን ጊዜ ክኒኑ ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ጉበቱን ራሱን ይጎዳዋል።"

"ታዲያ ምን ትበላ እንደነበር ጠይቀሃታል?"

አልጠየቅኋትም ነበር።

"ባቄላው ካለቀ ሰነበተ" አሉ ቀስ ብለው። "ላሚቱንም ሸጠዋታል። እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

ቁልቁለቱ

እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ወደ አዛለች መንደር ወረድን። ምንጭ ዳር አረፍ ብለን በሶ በጠበጡልኝ። አባ መንገዱን ሙሉ ዳዊት ሲደግሙ ቆዩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። አዛለች መደብ ላይ ተኝታለች። እግሯ አብጧል፤ ዓይኗ የእንቁላል አስኳል መስሏል። አባ መስቀላቸውን አሳለሟት።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ከእንግዲህ ክኒኑን አትዋጭ።"

"የዛሬውን ጧት ውጫለሁ፣ አባቴ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አላጎደልሁም፣ ሐኪም።"

"ጎበዝ" አልኋት። ሌላ ምን ልበላት?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዐረፈች። አባ ወልዴ ፍትሐት አደረሱላት፤ እኔም ከቀባሪዎቹ ጋር አፈር መለስሁ። እህቷ "እስከዚህ ድረስ ስለ እሷ መጣህ" ብላ አመሰገነችኝ። ያ ምስጋና ከእርግማን ይልቅ አቃጠለኝ።

ዳባት

ቤቴ ከገባሁ ሳምንት ሆነኝ። አሁን ለማንም ክኒን ከመስጠቴ በፊት "ትናንት ምን በላህ?" እላለሁ። አንዳንዱ ያፍራል፤ አንዳንዱ ይዋሻል። እኔም ደግሜ እጠይቃለሁ።

ዛሬ የበሽተኞቹን ካርድ ሳገላብጥ ዋልሁ። ሁሉም ጋ የጎደለ ቀን አለ። አንድም ቀን ያልጎደለው የአዛለች ካርድ ብቻ ነው።